ኮከብ አይተው ድንች የሚተክሉ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እኔ ደህና ነኝ። ሳንጻጻፍ ስንት ጊዜ ሆነን! ናፍቆቱ ብቻውን ያስጽፈኝ ነበር፤ ዛሬ ግን የምነግርህም ነገር አለኝ። ሰሞኑን የጥንት ሰዎች ስለ ተፈጥሮ ያወቁትን ሳነብ ነው የከረምኩት። በየገጹ ትዝ አልከኝ። እንዲህ ያለ ወግ ካንተ ውጭ ከማን ጋር ይወራል?

መጀመሪያ ሲሙሉዌ ስለምትባለው ደሴት ልንገርህ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ከሱማትራ በስተምዕራብ ናት። በ1907 እ.ኤ.አ. ከባሕር የተነሳ ማዕበል ብዙ ሰው ፈጀባት። የተረፉት ነገሩን "ስሞንግ" አሉት፤ ለልጆቻቸውም በተረትና በእሹሩሩ ሳይቀር አወረሱት። ምድር በኃይል ከተናወጠች፣ ባሕሩም ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በ2004 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር ያ ሁሉ አገር ያለቀበት ሱናሚ ሲመጣ፣ ውኃው እነሱ ጋ ለመድረስ አስር ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀበት። ከመንግሥት ማስጠንቀቂያ የሚጠበቅበት ጊዜ አልነበረም። "ስሞንግ!" የሚለው ጩኸት ግን ከሰው ሰው ተቀባበለ፤ ሕዝቡም ወደ ከፍታው ወጣ። 78,000 ያህል ሰው ከሚኖርባት ደሴት የሞቱት 7 ብቻ ነበሩ። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። አንዲት እናት ለልጇ ያንጎራጎረችው ነገር ከዘጠና ዓመት በኋላ ሕዝብ አተረፈ!

ሌላው ደግሞ ከፔሩና ከቦሊቪያ ተራሮች ነው። ገበሬዎቹ በሰኔ ወር ጎህ ሳይቀድ ከፍ ካለ ቦታ ወጥተው የሰባቱን ከዋክብት ዘለላ ያያሉ። ደምቀው ከታዩ ዝናቡ በጊዜው ይመጣል ይላሉ። ከደበዘዙ ግን ይዘገያል ብለው ድንች መትከሉን ያቆዩታል። ይህን ማድረግ ከጀመሩ ቢያንስ 400 ዓመት ሆኗቸዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲፈትሹት፣ ኮከቦቹን የሚያደበዝዛቸው ዓይን የማይለየው ስስ የላይ ደመና ሆኖ ተገኘ። ይህ ደመና በኤልኒኖ ዓመት፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ በሚሞቅበት ዓመት ይበዛል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ የዚያ አካባቢ ዝናብ ያንሳል። ገበሬዎቹ ስለ ኤልኒኖ ማንም ሳይነግራቸው፣ ከወራት በፊት ምልክቱን ያነቡ ነበር ማለት ነው።

ጥንታዊ የሆነ ሁሉ ጥበብ ነው እያልኩህ እንዳይመስልህ። አርስቶትል ከባድ ነገር ከቀላሉ ፈጥኖ ይወድቃል ብሎ ነበር፤ ስንት ሊቅ ይህንኑ ሲደግም ኖረ። እሱ ቢሳሳት ግን ጦሙን አላደረም። የተራራው ገበሬ ከተሳሳተ ልጆቹ ይራባሉ። ስለዚህ የማይሠራውን ይጥለዋል፣ የሚሠራውን ያቆየዋል። እኔ የማምነው እንዲህ የተፈተነውን ነው። የሚያሳስበኝም እሱው ነው። በቃል ብቻ የኖረ እውቀት አንድ ትውልድ ዝም ካለ አለቀለት።

እና አንድ ነገር ላስቸግርህ። አያትህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድመው ያውቁ እንደነበር አጫውተኸኝ ነበር። ከነፋሱ ነው? ከወፎቹ? ምን ዓይነት ምልክት ነበር የሚያዩት? እናትህ ሳያውቁ አይቀሩም፤ ቁጭ ብለህ ጠይቃቸውና እንዳሉህ ጻፍልኝ። ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር።

ናፋቂ ወንድምህ