ቱቦው ሲገባ አስታማሚውም ይማር

ለክቡር አዘጋጅ፣

የ76 ዓመቱን አባታችንን በጉሮሮ ካንሰር ሕክምና ላይ ሳስታምም ካየሁት ብዙ ነገር ውስጥ በዚህ ደብዳቤ አንዱን ብቻ አነሣለሁ። ስለ መድኃኒት ዋጋና ስለ ወረፋ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ታማሚው በአፍንጫው የምግብ ቱቦ ገብቶለት ወደ ቤት ሲሸኝ፣ አብሮት የሚሄደው አስታማሚ ምንም ሳይማር አብሮ መሸኘቱ ነው።

አባታችን ድምፃቸው ሲሰልል ብርድ መስሎን ዝንጅብል ስናፈላ ከረምን፤ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር መመርመር እንዳለበት የሰማነው ዘግይተን ነው። የጨረር ሕክምናው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሰባት ሳምንታት፣ በጠቅላላው 35 ጊዜ እንዲሆን ታዘዘ። በሦስተኛው ሳምንት አፋቸው ቆሰለ፣ ምራቃቸው ደረቀ፣ ውኃ መዋጥ እንኳ ጭንቅ ሆነባቸው። ጨረሩ በመሐል ሲቋረጥ ውጤቱ ስለሚቀንስ፣ ቱቦው የሚገባው ታማሚው ጉልበት አግኝቶ ሕክምናውን እንዲጨርስ ነው። ይህን ግን ማንም አላስረዳቸውም፤ ቱቦ ማለት «አለቀልኝ» ማለት መስሏቸው ሁለት ቀን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ቱቦው የገባላቸው ጨረሩን በሚወስዱበት ሳይሆን በሌላ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ አንዲት ነርስ ስንት አልጋ እንደምትዞር በዓይኔ አይቻለሁና። ስንወጣ የያዝነው አንድ ትልቅ ሲሪንጅና «ፈሳሽ ነገር ስጧቸው» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ወንድሜም በዚሁ ቃል መሠረት አባታችን በጀርባቸው እንደተኙ ወፍራም የአጃ አጥሚት ገፋላቸው። ትን አላቸው፤ ማታውኑ ትኩሳት ያዛቸው። ምግቡ ወደ ሳንባቸው ገብቶ ኖሮ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ጨረሩም ተስተጓጎለ። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ያን ሲሪንጅ ነክቶ አያውቅም።

በኋላ አንዲት ነርስ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ተቀምጣ ያስተማረችን ከአርባ ደቂቃ አልበለጠም። ምግብ ከመስጠት በፊት ታማሚውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከሰጡ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ሳያስተኙ መቆየት፤ ቱቦው አፍንጫው ጋ ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ምልክቱ ከተንቀሳቀሰ ምንም ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤ አጥሚቱንም ሾርባውንም በጥሩ ወንፊት ማጥለል፤ ከምግቡ በፊትና በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ማሳለፍ። ሲሪንጁን በኃይል መግፋትም አያስፈልግም፤ ከፍ አድርጎ ይዞ ምግቡ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ እንዲወርድ መተው ይሻላል። ክኒንን በተመለከተም ተፈጭቶ የማይሰጥ ዓይነት እንዳለ ያወቅነው ከእርሷ ነው። ቱቦው ከአራት ወይም ከስድስት ሳምንት በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ በሆድ በኩል የሚገባ ቱቦ ስለ መኖሩም መጀመሪያ የሰማነው ያን ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከበደን ግን ጠያቂ ነበር። በእኛ አገር በሽተኛ የሚጠየቀው በምግብ ነውና «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ» የማይል ዘመድ አልነበረም። መዋጥ ያቃተው ሰው በአፉ የጎረሰው ወደ ሳንባው ሊወርድ እንደሚችል ለአክስቶቼ ማስረዳት ከማስታመሙ በላይ አደከመኝ። እኛም ከአባታችን ተደብቀን ጓዳ መብላት ጀምረን ነበር። እሳቸው ደርሰውበት ተቆጡና ሞሰቡ እንደ ወትሮው ፊታቸው እንዲቀርብ አዘዙ፤ እኛ እንጀራችንን ስንበላ የእሳቸው አጥሚት በቱቦው ይወርዳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ «በአፍም ሆነ በአፍንጫ ጾም ጾም ነው» ብለው ወተትና እንቁላል ከለከሉን። የንስሐ አባታቸው መጥተው «ለበሽተኛ መድኃኒቱ ነው» እስኪሏቸው ድረስ በአጃና በለውዝ ቅቤ ሰነበትን። ሐኪም ስለ ጾም ሊጠይቅ ይገባዋል የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ በጀት የሚሻ ነገር አይደለም። ቱቦ የሚያስገባ ሆስፒታል ሁሉ አስታማሚው በነርስ ፊት አንድ ጊዜ በገዛ እጁ መግቦ ሳያሳይ ታማሚውን አይሸኝ፤ ታማሚው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀትም ይስጠው። በአዲስ አበባ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ቤት ድረስ ሄደው የሚንከባከቡ ድርጅቶች አሉ፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ቱቦ ይዞ ወደ ቀየው የሚመለሰው ግን ያለው በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ብቻ ነው፤ የዚያ ጤና ጣቢያ ባለሙያም ቱቦው ከመዘጋቱ በፊት ቢሠለጥን ይበጃል።

እኔ ነርሷ ያለችንን በደብተር ወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በጨረር ተራ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስለ እናቷ ቱቦ ስትጠይቀኝ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶውን ላክሁላት፤ እሷም ወረፋው ላይ ለነበሩ ለሌሎች ሁለት አስታማሚዎች ላከችላቸው። አንድ የጤና ባለሙያ የእጅ ጽሑፌን አርሞ ቢያሳትመው ወረቀቱን በደስታ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አስታማሚ፣ ከአዲስ አበባ