ከማሲንቆ እስከ ቲምፓኒ፦ የሙዚቃ ክበባችን ዓመት

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮም በሰንደቅ ዓላማ ቀን ዘምሯል፤ በወላጆች በዓልም ተጫውቷል። ይህን ያያችሁት ስለሆነ አልደግመውም። መጻፍ የፈለግኩት ዓመቱን ሙሉ ስላጠናነው ስለ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው።

ሐዋሳ ላይ ተቀምጦ ኦርኬስትራ መማር ይቻላል ወይ ያሉኝ ነበሩ። በሚገባ ይቻላል! ክበባችን ቫዮሊን የለውም። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አንድ ኪቦርድ ግን አለው። የማሲንቆ ደጋን የፈረስ ጭራ ነው፤ የቫዮሊንም እንደዚያው። ስለዚህ ከእጃችን ጀመርን።

ኦርኬስትራ አራት ምድብ አለው። ትልቁ የአውታር ምድብ ነው፦ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ። ቀጥሎ የእንጨት ትንፋሽ፣ የነሐስ ትንፋሽና የምት መሣሪያዎች ይመጣሉ። ልጆቹን ያከራከራቸው ፍሉት ነው። «ቲቸር፣ ፍሉት ብረት አይደል እንዴ? ከእንጨቶቹ ጋር ምን ይሠራል?» አለች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ፍሉት ድሮ ከእንጨት ይሠራ ነበር። ዋናው ነገር ግን ድምፁ የሚወጣበት መንገድ ነው። እንደ ዋሽንት ትንፋሹ ጠርዝ ላይ ሲመታ ይጮኻል። በነሐሶቹ ግን የሚንቀጠቀጠው የተጫዋቹ ከንፈር ነው። ሳክስፎን አካሉ ነሐስ ሆኖ ሳለ በሸምበቆ ምላስ ስለሚነፋ ከእንጨቶቹ ይመደባል።

ታሪኩ ረጅም ነው። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞንቴቬርዲ እ.ኤ.አ. በ1607 «ኦርፌዎ» የተባለ ኦፔራውን ማንቱዋ ከተማ ላይ ሲያቀርብ፣ የትኛው መሣሪያ የት እንደሚገባ በብዙ ቦታ ለይቶ ጽፏል። በዚያ ዘመን ይህ ብዙም የተለመደ አልነበረም። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1761 በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ሲቀጠር ቡድኑ 20 ሰው እንኳ አይሞላም ነበር። በዕድሜው ከ100 በላይ ሲምፎኒ ጻፈ።

ልጆቹን ከሁሉ በላይ የያዛቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1808 የቀረበው የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ነው። ከነሐሶቹ ምድብ የሆኑት ትሮምቦኖች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በአራተኛው ሲገቡ ቤቱ ይናጋል። ይህን ካዳመጥን በኋላ ልምምዳችን ተለወጠ። ከበሮ መቺዎቻችን ተራቸውን መጠበቅ ጀመሩ። እኔ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው፤ የጎንን ሰው ሳያዳምጡ ሙዚቃ የለም።

የምት መሣሪያው ቲምፓኒም ከእኛ ጋር ቀረቤታ አለው። ከቱርክ ፈረሰኞች ወደ አውሮፓ የገባ ጥንድ ከበሮ ነው። በእኛም አገር ነጋሪት በበቅሎ ተጭኖ ይጎሰም ነበር።

በማርሽ ባንድ ለረጅም ዓመት የተጫወቱ አንድ አባት ትሮምፔት ይዘው መጥተውልን ነበር። ቁልፎቹን ሳይነኩ ሲነፉ የሚወጡት ድምፆች ጥቂት መሆናቸውን አሳዩን። የድሮ ነፊዎች በዚያ ብቻ ይጫወቱ ነበር። ቁልፍ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ጀርመን ውስጥ ነው። እግረ መንገዳቸውንም ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው 40 የአርመን ልጆችና ስለ መሪያቸው ስለ ኬቮርክ ናልባንዲያን አጫወቱን። ከአርባው ልጆች ባንድ ተነሥተን፣ የአገር ቤት መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ እስከሰበሰበው እስከ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ድረስ አነበብን።

ለሰኔው ዝግጅት አንድ የሕዝብ ዜማ በአራት ምድብ ከፋፍለን አዘጋጀን። ትልቁ ችግር ቅኝት ነበር። ኦርኬስትራ ውስጥ ሁሉም የሚቃኘው ከእንጨት ትንፋሾቹ አንዱ ከሆነው ከኦቦ ድምፅ ነው። እኛ ዋሽንቱን መረጥን፤ ቀዳዳው አንዴ ስለተበሳ እንደ ክራር አይጠበቅም፣ አይላላም። ክራሩና ማሲንቆው ወደ እሱ መጡ። ዝግጅቱ ላይ አንዱ የክራር ክር ቢበጠስም ልጆቹ ሳያቋርጡ ጨረሱ።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ቫዮሊንና ክላሪኔት ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ያላችሁ ወላጆች፣ ያረጀም ቢሆን አምጡልን። ጠግነን እንጫወትበታለን። አዲስ አባላት ምዝገባው መስከረም ላይ ነው፤ መጫወት መቻል ግዴታ አይደለም።