ለልጄ፦ ስለ ጀልባሽ ወለል

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «ስረግጠው ሰመጥ ይላል» ያልሽው የኮክፒቱ፣ መሪ ይዘሽ የምትቀመጪበት ቦታ፣ ወለል ከውስጥ በስብሷል። አይዞሽ፣ ይድናል።

ወለሉ ሦስት ድርብ ነው። ላይና ታቹ ስስ ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ኮምፔንሳቶ። ሦስቱ ተጣብቀው ሲቆዩ ነው ሰው የሚሸከሙት። ውሃው የገባው ዕቃ በታሰረባቸው የብሎንና የቪቴ ቀዳዳዎች ነው። ማሸጊያው በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ጠብ ጠብ እያለ ይሰርጋል፣ መውጫ ግን የለውም። ይገርምሻል፣ ለእንጨቱ ከባሕር ውሃ ይልቅ ክፉው የዝናብ ውሃ ነው። ጨው የሚያበሰብሰውን ፈንገስ ያዳክመዋል።

የመጀመሪያ ጀልባዬም እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር። መቁረጥ ፈራሁ። በትራፓኖ ትንንሽ ቀዳዳ በስቼ ኢፖክሲ፣ ከሁለት ፈሳሽ ተበጥብጦ የሚደርቀውን ሙጫ፣ ሞላሁበት፣ ከላይ ቀለም ቀባሁት። አምሮ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እንደገና መስመጥ ጀመረ፣ ያውም ከበፊቱ ሰፍቶ። ስከፍተው ኢፖክሲው ቀዳዳው አካባቢ ብቻ ደርቆ ቀርቷል። ውሃ የጠገበ እንጨት ኢፖክሲ አይጠጣም። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ ብስባሹን በባልዲ ስታወጪልኝ አሁንም ይታየኛል።

ስለዚህ ቁረጪው። መጀመሪያ በካቻቪቴ እጀታ አንኳኪ። ጤነኛው ቋ ይላል፣ የበሰበሰው ድምፁ ድፍን ነው። ድንበሩን በእርሳስ አስምሪ። መጋዙን በላይኛው ፋይበርግላስ ውፍረት ልክ አስተካክዪ፣ የታችኛውን እንዳትነኪ። ዳር ዳሩን ጥቂት ሴንቲሜትር ተዪለት፤ ኋላ የቆረጥሽውን ክዳን ስትመልሺ የምታያይዢው እዚያ ላይ ነው። ጭምብልና መነጽር ሳታደርጊ ግን እንዳትጀምሪ፣ አደራ። የፋይበርግላስ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ከዚያ ክዳኑን አንስተሽ እንጨቱን በመሮ ቆፍሪ። ብስባሹ ያሰመርሽውን መስመር አልፎ ቢሄድ ተከተዪው፣ ደረቅና ጠንካራ እንጨት እስክታገኚ። ትንሽ ካስቀረሽ ከዚያው ይነሳል። ከዚያ ይድረቅ። ሳምንታት ቢፈጅም አትቸኩዪ። ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቀሽበት እደሪ፤ ጠዋት ላስቲኩ ካላበው ገና ነው።

አዲሱ ኮምፔንሳቶ የመርከብ ይሁን፣ ውፍረቱም ከድሮው እኩል። ቢኤስ 1088 የሚል ምልክት፣ የእንግሊዞች የመርከብ ኮምፔንሳቶ ደረጃ፣ ያለው ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተሠራ ነው። ሁለቱንም ፊት ኢፖክሲ ቀቢው፣ ጠርዙን ሦስት ጊዜ። ውሃ የሚጠጣው ጠርዙ ነው። ከዚያ በወፈረ ኢፖክሲ ላይ አስተኚውና ክብደት ጫኚበት። አየሩ እንዲወጣ እንጨቱን እዚህም እዚያም ብሺው። በአንዴ ብዙ አትበጥብጪ፤ ኢፖክሲ ዕቃ ውስጥ ሲጠራቀም ይግላል፣ ጭስም ይወጣዋል።

ክዳኑን ስትመልሺ የመጋጠሚያውን ጠርዝ በሁለቱም በኩል አዘቅዝቀሽ ፋቂ። የስሎፑ ርዝመት የፋይበርግላሱን ውፍረት 12 እጥፍ ይሁን፤ 3 ሚሊሜትር ከሆነ 36 ማለት ነው። እላዩ ላይ አዲስ የፋይበርግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ ደርቢ። ሲደርቅ የሚያወጣውን ቅባት መሳይ ነገር በውሃ እጠቢ፣ ከዚያ በኋላ ነው በብርጭቆ ወረቀት የሚፋቀው።

ቀዳዳዎቹን እንዳትረሺ። እያንዳንዱን አስፍተሽ ብሺ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሙዪ፣ ሲደርቅ መሃሉን እንደገና ለብሎኑ ብሺ። ያን ጊዜ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም።

የምትከፍቺውን ቀን ንገሪኝ። መሮዬን ስዬ እመጣለሁ።

አባትሽ