ለአንድ ጠርሙስ ሞርፊን ዓባይን መሻገር አለብን ወይ?

ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ የሳንባ ካንሰር ይዞኝ ሥራ አቁሜያለሁ። ነገሬን ሳላንዛዛ ልናገር። የጨረር ማሽን ይተከልልን ልልዎ አይደለም። ቢመጣ እሰየው፤ ግን ሕንፃና ባለሙያ፣ ብዙም ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። የኔ ጥያቄ ትንሽ ናት። ሞርፊን የሚባለው የከባድ ሕመም ማስታገሻ፣ በአፍ የሚወሰደው ዓይነት፣ በየዞኑ ሆስፒታል ሳይቆራረጥ ይገኝ። የሚያዝ ሐኪም፣ የሚከታተል ነርስ ይኑር። በቃ።

ሌላው ሁሉ ቀርቶ ለምን ይሄ? ይሉኝ ይሆናል። የሳንባ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ ነው። በዓለም ላይ ከካንሰሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው እሱ ነው፤ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቶበታል። እኛ አገር ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ሳሉ፣ ደም የቀላቀለው አክታ፣ ክሳቱ ይመሳሰላል። ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪም ቲቢን ማስቀደሙ አይገርመኝም። የሚገርመኝ፣ የአክታው ምርመራ ምንም ሳያሳይ፣ መድኃኒቱም ሳይሠራ ወራት ሲያልፉ «ሌላ ነገር ይሆን እንዴ?» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ። የት እንደሆነ ስም አልጠራም፤ ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ሲቲ ስካን ተነስቼ፣ ናሙና ተወስዶ እውነቱ ሲታወቅ፣ በሽታው ከሳንባዬ አልፎ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አጥንት ውስጥ የገባ ካንሰር ሕመሙን እንዴት ብዬ ልንገርዎ። ቀን ቀን ከሰው ጋር ሲጫወቱ ረሳ ይደረጋል። ጉዱ ሌሊት ነው። በጀርባ አይተኛ፣ በጎን አይተኛ። ትራስ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ግንባሬን ደፍቼ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ፓራሲታሞል አይነካውም። ዳይክሎፌናክ ያስታግስልኝና ጨጓራዬን ያነደዋል። ትራማዶል ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ አቅም አነሰው። ከዚያ በላይ ያለው ሞርፊን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ሕመም ደረጃ በደረጃ ማስታገሻ ይሰጥ ብሎ መመሪያ ያወጣው በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በአፍ የሚወሰደው ሞርፊን አዲስ ነገር አይደለም። ውድም አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰድኩት አዲስ አበባ ለኬሞ፣ ለካንሰሩ መድኃኒት፣ በሄድኩበት ነው። ነርሷ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ለክታ አፌ ውስጥ ጨመረችልኝ። ይመራል። «ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ በየአራት ሰዓቱ ነው» አለችኝ። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒትም አብራ ሰጠችኝ። ያን ሌሊት ተኛሁ። ያልጠበቅኩት ደግሞ ትንፋሼም ረጋ አለልኝ። በትንሽ መጠን ሲሰጥ የትንፋሽ ማጠርንም እንደሚያስታግስ ያኔ ነው የሰማሁት።

ጠርሙሷ ስታልቅ ግን እዚህ የሄድኩበት ፋርማሲ ሁሉ መልሱ «የለም» ሆነ። አንዱ ጋ «ነበር፣ አልቋል» ተባልኩ። ሌላው ጋ መድኃኒቱ አለ፣ የሚታዘዝበት ልዩ ወረቀት ግን አልቋል። ሳቄ ነው የመጣው። አንድ ወጣት ሐኪም ደግሞ «ሱስ ያስይዝሻል» አለኝ። ሲቲ ስካኑን እጁ ላይ ይዞ እኮ ነው! አልፈርድበትም፣ ያስተማረው የለም። ቁጥጥሩ ይላላ አላልኩም። ሞርፊን ልቅ መሆን የለበትም። ግን ቁጥጥር ማለት ለሚገባው ሰው መከልከል ከሆነ ምኑን ቁጥጥር ሆነ?

የቀረው ዓባይን መሻገር ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ለኔ ቢጤው ግን ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ያለው ጠመዝማዛና ወበቅ ነፍስ ይነጥቃል። የመኪናው መስኮት ቢከፈት አቧራው ያስለኛል፣ ቢዘጋ አየር ያጥረኛል። ተሳፋሪው በሳሌ የተነሳ ፊቱን ያዞራል፤ ቲቢ ይመስለዋል። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ፣ ያለፉትን ዓመታት እርስዎም ያውቋቸዋል፣ ቀጠሮውም መድኃኒቱም ይቀራል።

እኔ ደመወዝ ያለኝ ሰው ነኝ፣ እንደምንም እፍጨረጨራለሁ። ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት የማቻከል አባት ግን የጤና መድኅን ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነው የያዙት። በየዓመቱ ከፍለው ያሳድሱታል። መድኃኒቱ በተቋሙ ፋርማሲ ከሌለ ካርዱ ምን ይሠራል? «ወረቀቱ አለኝ፣ መድኃኒቱ የለኝም» አሉኝ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር። ገበሬያችን ቀድሞ አምኖ የከፈለበት ነገር ነው።

እኒህ አባት ምን እንደያዛቸው አያውቁም። ልጃቸው «የሳንባ ምች ነው» ብሏቸዋል። «አንቺንስ ምን አሉሽ ልጄ?» ብለው ሲጠይቁኝ ልጁ ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ ለመነኝ። «እኔም ሳንባዬን ነው አባቴ» ብዬ ዝም አልኩ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። እንዲህ ያለ ወሬ መርዶ ስለሚመስለን፣ ሐኪሙም ታማሚውን ትቶ ቤተሰቡን ወደ ጎን ጠርቶ ስለሚነግር ነው። ግን ሰውዬው በሽታቸውን ካላወቁ «ምች ነው፣ ይለቃል» እያሉ ሕመሙን ችለው ይቀመጣሉ እንጂ ማስታገሻ አይጠይቁም። የማስታገሻ ሕክምና ሲባል ጠርሙሷ ብቻ አይደለችም፤ ቁጭ ብሎ ቀስ አድርጎ የሚነግር ሰውም አለበት።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር። በየሄድኩበት «ታጨሺ ነበር?» እባላለሁ። ሐኪም ቢጠይቅ ሥራው ነው። ጎረቤት ሲጠይቅ ግን ፍርድ አለበት። አጭሼ አላውቅም። ዋናው መንስኤ ሲጋራ መሆኑ እርግጥ ነው፤ አዋጅ 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን መከልከሉም ደግ ነው። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት የማድ ቤት ጭስንም ከመንስኤዎቹ ይቆጥረዋል። በጎጃም በኩበትና በእንጨት እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ስንት ናት? የእናቴ ማድ ቤት ጣሪያ በጥላሸት ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር፤ ያደግሁት እዚያ ውስጥ ነው። ስለ ሲጋራ ስታስተምሩ ስለ ጭሱም ተናገሩልን። ያጨሰ ሰው ቢሆንስ፣ ሕመሙ አይሰማውም?

የቤት ውስጥ ኑሮው በትንንሽ ብልሃት ይገፋል። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጎንበስ ብዬ ክርኔን ጉልበቴ ላይ እደግፋለሁ። በአፍንጫዬ አስገብቼ፣ ከንፈሬን እንደ ፉጨት አሹዬ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ልጄ የቡናውን ማራገቢያ ፊቴ ላይ ታወዛውዝልኛለች፤ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ይሠራል። ከኬሞ በኋላ አፌ ሲቆስል በርበሬ አይታሰብም፤ የአጃ ሾርባ፣ በሶ፣ አልጫ። ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው፣ ምክንያቱም ኬሞ ሰውነት በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ያችው ነርስ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ስንት ነገር አስተምረዋል። ይህንንም ቢሠለጥኑበት አያቅታቸውም። ሞርፊን የጀመረ ሰው ቤት ብቅ ብለው «ሕመሙ እንዴት ነው? ሆድዎስ?» ብለው ጠይቀው ለሆስፒታሉ ቢደውሉ፣ ስንቱ ከመንገድ ይድናል።

ጸበልም አለ። እጠመቃለሁ፤ መድኃኒቴንም እወስዳለሁ። ንስሐ አባቴ ከጾሙም አውርደውኛል። ግን «መድኃኒቱን ካልተውሽ ጸበሉ አይሠራም» ተብላ የተወች ሴት አውቃለሁ። በኤችአይቪ ጊዜ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲሄዱ ከሃይማኖት አባቶች ጋር የተሠራው ሥራ ለካንሰርም ይደገም።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። የዞን ሆስፒታሎች የዓመት የመድኃኒት ፍላጎታቸውን ሲያቀርቡ በአፍ የሚወሰደው ሞርፊን ይካተት፤ የማዘዣ ወረቀቱም አብሮ ይታተም። በየሆስፒታሉ ቢያንስ አንድ ሐኪምና ሁለት ነርሶች የማስታገሻ ሕክምና ይሠልጥኑ። መንገድ ሲዘጋ የሚበቃ መጠባበቂያ ይቀመጥ። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ያልተሻለው ሰው በጊዜ ለሌላ ምርመራ ይላክ።

መልስ ካለዎት በፋርማሲዎቹ መስኮት ላይ ያስለጥፉልን። የትኛው ሆስፒታል ሞርፊን እንዳለው፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ቢጻፍበት ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደብረ ማርቆስ አስተማሪ