ኧረ ያቺን «ወይም» አስተካክሉልን

ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ፣

ጋዜጣችሁን ስንት አመት ሙሉ አንብቤያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ከፊት ገፅ ጀምሬ አላውቅም፣ ከኋላ ከምግብ አሰራር አምዳችሁ ነው የምጀምረው፣ ባለቤቴ ሁሌ «ዜናው ቀዘቀዘብሽ» እያለ ይስቅብኛል። እና ከሶስት ሳምንት በፊት ያወጣችሁትን ባለ ቸኮሌት የሙዝ ዳቦ አሰራር በመቀስ ቆርጬ ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ነበር። አሁን አውርጄዋለሁ። ለምን እንዳወረድኩት ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

አሰራሩ ላይ ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚለው፦ «1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ቤኪንግ ፓውደር»። ወይም! ቤት ውስጥ የነበረኝ ሶዳው ነው፣ ወይም ካላችሁ ደግሞ ምን ቸገረኝ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቼ ጨመርኩት። ከልጄ ጋር ኦቨኑ መስታወት ላይ ተለጥፈን ስናይ ገና ሩብ ሰአት ሳይሞላው ሊጡ ተነፍቶ ከመጋገሪያው ጠርዝ በላይ ወጣ፣ እሷማ እልል ማለት ነው የቀራት፣ ከዛ ትንሽ ቆየና መሃሉ ቀስ እያለ ስምጥ አለ፣ ጠርዙ ብቻ እንደ ግድግዳ ቆሞ ቀረ። ሲወጣ ጥቁር ነው፣ የቸኮሌት ጥቁር እንዳይመስላችሁ፣ የከሰል። ልጄ ስምንት አመቷ ነው፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ አፏ ውስጥ አድርጋ ማኘኳን አቆመችና አየችኝ፣ መትፋት ፈርታለች መዋጥ አልቻለችም፣ በመጨረሻ ዋጠችውና «እማዬ፣ ሳህኖቹን በደንብ አለቅልቀሻቸው ነበር?» አለችኝ።

እኔም ቀመስኩት። ሳሙና ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቤኪንግ ፓውደር ገዛሁና፣ ያው እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ባለፈው በዝቶብኝ ነው ብዬ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ አደረግኩ። እሱ ደግሞ ጭራሽ ሳይነሳ ቀረ፣ ታችኛው ክፍል ሁለት ጣት የሚሆን እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ሊጥ፣ ላይኛው ጡብ። አራት ሙዝ፣ አራት እንቁላል፣ ሁለት ቸኮሌት በአንዲት ቃል ምክንያት ገደል ገባ ማለት ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለካ ለአሰራር ፅሁፍም ነው።

ከዛ በኋላ እልህ ያዘኝና ቁጭ ብዬ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ፣ መፅሀፍ አገላበጥኩ፣ ኬክ የምትሰራ የአክስቴን ልጅ አስቸገርኳት። ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር ሁለቱም ነጭ ዱቄት ስለሆኑ ነው እንጂ አንድ አይደሉም። ሶዳ ለብቻው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፣ አሲድ የሆነ ነገር ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል፣ ሊጡን የሚያነሳው ያ ጋዝ ነው። ሙዙ ውስጥ አሲድ አለ፣ እርጎ ከጨመራችሁ እሱም አለው፣ ካካዎውም እንደ አይነቱ (እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ)። አሲዱ አልቆ ሶዳው ከተረፈ ግን ኦቨን ውስጥ በሙቀት ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይቀየራል፣ ልጄ የቀመሰችው እሱን ነው፣ ሳህኖቼ ንፁህ ነበሩ። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ሶዳው ራሱ ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተደባልቆ የመጣ ነው፣ ስለዚ ከሌላ ቦታ አሲድ አይለምንም፣ ግን በልኩ ሲታይ ደካማ ነው፣ የአንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ስራ ለመስራት ሶስት ወይ አራት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ያስፈልጋል። አሁን የናንተን አረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቡት። በቤኪንግ ፓውደር ለሚሰራ ሰው ልኩ ልክ ነው፣ በሶዳ ለሚሰራ ሶስት እጥፍ ነው። ግማሹ አንባቢያችሁ ጥሩ ዳቦ በላ ግማሹ ሳሙና በላ ማለት ነው፣ ጥሩ የበላው ደግሞ አይፅፍላችሁም።

ካካዎውን በተመለከተ ደግሞ «የካካዎ ዱቄት» ብላችሁ ነው ያለፋችሁት። ሁለት አይነት እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር። አንዱ እንደተፈጥሮው ያለው ነው፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሲቀምሱት ቆንጠጥ የሚያደርግ አሲድ ያለው። ሌላው በአልካሊ፣ ማለትም አሲድን በሚገድል ነገር፣ የታጠበው ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለ፣ አሲዱ የተገደለ። ይሄ የሁለተኛው ነገር ከሆላንድ የመጣ ነው፣ የቫን ሆውተን ቤተሰብ በ1828 እ.ኤ.አ. የካካዎውን ቅባት የሚጨምቅ መጭመቂያ ፓተንት አወጡበት፣ የተረፈውን ዱቄት ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ በደንብ እንዲደባለቅ ብለው በአልካሊ ማከም ጀመሩ፣ ለዛ ነው እስከዛሬ የሆላንድ አይነት የሚባለው። እኔ ኩሽና ድረስ ምን አመጣው ካላችሁ፣ የታጠበው ካካዎ ለሶዳው የሚሰጠው አሲድ የለውም፣ እኔ ደሞ ያደረግኩት እሱን ነው! በሶስት እጥፍ ሶዳ ላይ አሲድ የሌለው ካካዎ፣ የቀረችው ምስኪን ሙዝ ናት፣ ብቻዋን ምን ታድርግ። እሽጉ ጀርባ ላይ ያለውን ፅሁፍ ስታነቡት አልካሊ ወይም ፖታሲየም ካርቦኔት የሚል ካገኛችሁ የታጠበው ነው። በጣም የጠቆረ ካካዎ ሁሉ ቸኮሌቱ የበዛ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ቀለሙ የአልካሊው ነው።

ሙዙም ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። «2 የበሰለ ሙዝ» ብላችኋል፣ ፎቶው ላይ ያለው ግን ለቁርስ የሚበላ አይነት ቢጫ ሙዝ ነው፣ አንዲት ነጥብ የለበትም። አረንጓዴ ሙዝ ከክብደቱ 20 ፐርሰንት የሚሆነው ስታርች ነው፣ ሲበስል እሱ ወደ ስኳር ይቀየርና ስታርቹ 1 ወይ 2 ፐርሰንት ብቻ ይቀራል። ለዚህ ዳቦ የሚሆነው ልትጥሉት እጃችሁን የዘረጋችሁበት ሙዝ ነው፣ ልጣጩ ነብር የመሰለ፣ እንዲያውም ከነብርም አልፎ የጠቆረ፣ ስትይዙት ጣት የሚሰምጥበት፣ ሽታው ገና ሳትልጡት ክፍሉን የሚሞላ። እሱን በሹካ ስትፈጩት ውሃ ይመስላል፣ ቢጫውን ስትፈጩት ግን እብጠቶቹ አልጠፋ ይላሉ፣ ከተጋገረ በኋላም ዳቦው ውስጥ ግራጫ ጓል ሆነው ይገኛሉ። ካልደረሰላችሁ ከፖም ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ አፉን አጥፋችሁ አስቀምጡት፣ ፍሬዎቹ የሚያወጡት ኤትሊን የሚባል ጋዝ ስለሚታፈን ቶሎ ይበስላል። ኦቨን ውስጥ ከነልጣጩ አስገብቶ ማጥቆር የሚሉት አለ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ይለሰልሳል ይጠቁራል ግን እንደዛኛው አይጣፍጥም። ፍሪዘር ውስጥ ያቆያችሁት ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ሲቀልጥ የሚለቀውን ቡናማ ውሃ እንዳትደፉት ብቻ፣ ጣፋጩ እሱ ውስጥ ነው። እና ደሞ «2 ሙዝ» ምን ማለት ነው? ትንሿ ተልጣ 80 ግራም ትሆናለች ትልቋ 150፣ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው።

ኩባያውም እንደዛው ነው። እኔ ሚዛን ላይ አድርጌ አየሁት፣ ያንኑ ኩባያ ዱቄቱ ውስጥ ነክሬ ስዝቀው 155 ግራም መጣ፣ በማንኪያ እየጨመርኩ ስሞላው 125። ሁለት ኩባያ ሲሆን 60 ግራም ልዩነት ነው፣ ዳቦው ለምን ደረቀ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። «350 ዲግሪ» ስላላችሁትም አንድ ነገር ልበል፣ ፋራናይት መሆኑን ፃፉልን፣ የኔ ኦቨን በሴልሺየስ ነው መጨረሻው 250 ነው፣ ማዞሪያውን ይዤ ስንት ደቂቃ ቆምኩ። 175 ሴልሺየስ ማለታችሁ ነው።

ጎረቤቴ ይሄን ሁሉ ስነግራት «ኩሽና ነው እንጂ ላብራቶሪ ነው እንዴ፣ እኔ በእጄ እየሰፈርኩ አይደል ስንት አመት ያበሰልኩት» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሾርባ ስትሰራ እጇ ሚዛን ነው። ግን ሾርባን ትቀምሺዋለሽ፣ ጨው ካነሰ ትጨምሪያለሽ፣ ከወፈረ ውሃ ጠብ ታደርጊያለሽ። ይሄ አንዴ ኦቨን ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ምን ልታደርጊለት ትችያለሽ፣ በመስታወት ማየት ብቻ ነው። ከመግባቱ በፊት ነው ልክ መሆን ያለበት።

አሁን የሚወጣልኝን ልፃፍላችሁና ከፈለጋችሁ አውጡት። 350 ግራም የተላጠ የጠቆረ ሙዝ (ሶስት መካከለኛ ይሆናል) በሹካ ፈጭቼ 130 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላልና 100 ሚሊ ሊትር ዘይት እመታበታለሁ። በገበታ ቅቤም ይሆናል፣ ሽታው ይበልጣል፣ ግን ቅቤ ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ዳቦውም ጠንከር ይላል፣ በማግስቱ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው የዘይቱ ነው። በሌላ ሳህን 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 40 ግራም ያልታጠበ ካካዎ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ካካዎውን በወንፊት ማሳለፍ ግዴታ ነው፣ ይጓጉላል። ያላችሁ የታጠበው ካካዎ ከሆነ ሶዳውን ወደ ሩብ የሻይ ማንኪያ አውርዱና 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሩ፣ «ወይም» ማለት እንዲህ ነው፣ ከነልኩ። ሁለቱን ስትደባልቁ በማንኪያ ከስር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ ደረቅ ዱቄት ሲጠፋ ወዲያው አቁሙ፣ ብዙ ካሻችሁት ግሉተኑ (ሊጡን የሚያለጥጠው የዱቄቱ ፕሮቲን) ይጠነክርና ኬክ ሳይሆን ላስቲክ ይሆናል። መጨረሻ ላይ 100 ግራም ቸኮሌት በቢላ ከትፋችሁ ጨምሩ፣ ለኬክ ተብሎ የሚሸጠው ጠብታ ቸኮሌት ቅርፁን ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ስለሚሰራ ጠንከር ይላል፣ የተከተፈው ግን ቀልጦ እዚም እዛም ይፈሳል፣ እኔ እሱን ነው የምወደው።

23 በ13 ሴንቲ ሜትር በሆነ መጋገሪያ ከ55 እስከ 60 ደቂቃ። ቀለሙን አይታችሁ እንዳትፈርዱ፣ ከመጀመሪያውም ጥቁር ነው፣ ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ስካ አርጋችሁ አውጡ፣ እርጥብ ሊጥ ካልያዘ በቃው፣ የቀለጠ ቸኮሌት ከያዘ ግን አጠገቡ ሌላ ቦታ ሞክሩ፣ ቸኮሌቱ ብዙ ሰው አሸውዷል። በቴርሞሜትር ለሚለኩ 96 ዲግሪ ይባላል፣ ከፍታ ቦታ ላይ ላለ ሰው ግን ይሄ አይሰራም፣ 2000 ሜትር ላይ ውሃ ራሱ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ 96ን ሲጠብቅ ዳቦው ይደርቅበታል። እዛ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጋዙ ቶሎ ይለጠጣል፣ ሶዳውንም በሩብ ያህል መቀነስ ነው። ሲወጣ መጋገሪያው ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ከዛ አውጥቶ ሽቦ ላይ ቢያንስ አንድ ሰአት። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ጠቅልላችሁ ብታሳድሩት ደግሞ እርጥበቱ እኩል ይዳረስና የማግስቱ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጣል፣ እኛ ቤት ግን አድሮ አያውቅም።

ለዝግጅት ክፍሉ የምለው፣ በሚቀጥለው እትም ትንሽዬ ማረሚያ ብታወጡ፣ ጥግ ላይ ብትሆንም ግድ የለም፣ ከኋላ ስለምጀምር አገኛታለሁ። ሶዳ ከሆነ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ፓውደር ከሆነ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በሉና ጨርሱት። ከአሁን ወዲያ ደግሞ ግራሙን ከኩባያው ጎን ፃፉልን፣ ቦታ ከጠበባችሁ ፎቶውን አሳንሱት፣ ሙዙ እንደሆነ ያልበሰለ ነው።

ልጄ ሰሞኑን ሶስተኛውን ሙከራ ሁለት ቁራሽ በልታለች። ከመብላቷ በፊት ግን ሳህኗን ታሸታለች፣ እስካሁን አልተወችም።

ከኋላ ገፅ የምትጀምረው አንባቢያችሁ