ስለ አባባ፣ ስለ ልጆቻችንና ስለ ሥዕል መጻሕፍት

ሐዋሳ፣ መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የኬጂና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ስለገጠሙ ብዙዎቻችሁ ይህን የምታነቡት በባዶ ሆዳችሁ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሜ ላረጋጋችሁ፤ የክፍያ ደብዳቤ አይደለም።

የምጽፍላችሁ ስለ አባባ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ያረፉትን የበር ጥበቃችንን ልጆቹ የሚጠሯቸው እንዲህ ነበር። ለቅሶ ለደረሳችሁ፣ ንፍሮ ቀቅላችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰባቸው ምስጋና አድርሺልን ብለውኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አባባ ባረፉ ማግስት መምህራኑን ሰብስቤ፣ ልጆቹ ከጠየቁ «አገር ቤት ሄደዋል» በሏቸው አልኩ። እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። ትልቅ ሰው መርዶ የሚረዳው ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነው። ልጅ ግን ጎረቤት ቤት ይላካል፤ ሲመለስ «ክፍለ ሀገር ሄዷል» ይባላል፤ በዚያው ይቀራል።

የዩኬጂ ልጅ ግን «ሄደዋል» ሲባል መምጫቸውን ይጠብቃል። አንድ ልጅ ለአባባ በየቀኑ ከምሳ ዕቃው ሙዝ ያካፍላቸው ነበር። ከሄዱ በኋላም ሙዙን ባዶ ወንበራቸው ላይ ማስቀመጡን ቀጠለ። አዲሱ ጥበቃ ምን ያድርግ፤ መጣሉን ስላልደፈረ መሳቢያ ውስጥ ያጠራቅመው ነበር። መሳቢያውን ከፍቶ ሲያሳየኝ ሰባት ሙዝ ቆጠርኩ። የታችኞቹ ጠቁረው ውሃ አውጥተዋል። እዚያው ቆሜ አፈርኩ።

ከሁላችንም ብልህ የሆነችው የላይብረሪ ሠራተኛችን ናት። ልጆቹን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ፣ አያቷ ስለሞቱባት ልጅ የሚተርክ የሥዕል መጽሐፍ አነበበችላቸው። መሀል ላይ አንድም ቃል የሌለበት ገጽ አለ። የተነጠፈ አልጋ ብቻ፤ ሰው የለበትም። እሷም ዝም አለች። ከዚያ ያ የሙዙ ልጅ ጣቱን አልጋው ላይ አድርጎ «የአባባም ወንበር እንዲህ ነው» አለ። «አዎ» አለችው። «አባባ ሞተዋል። ስለዚህ አይመጡም። እኔም ይናፍቁኛል።» ጥቂቶች አለቀሱ። አንዷ ሽንት ቤት ልሂድ አለች። ከዚያ «ድገሚልን!» አሉ። ያን ቀን አራት ጊዜ ደገመችላቸው።

ይህን ሳይ የራሴ ትዝ አለኝ። እናቴ ያረፈችው አምና ኅዳር ላይ ነው። ከአርባዋ በኋላ ሥራ ጀመርኩ እንጂ ልቤ አልተመለሰም ነበር። ጋዜጣ እንኳ ሁለት መስመር አንብቤ እተወው ነበር። አንድ ቀን ማታ ተማሪ ሁሉ ከወጣ በኋላ ላይብረሪ ገብቼ የኬጂዎቹ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከመደርደሪያው እጄ ላይ የመጣልኝን ከፈትኩ፤ ስለ አንዲት ዶሮ ነው። ጨረስኩት። በሁለት ወር ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ሌላም አነሣሁ። በጣቴ የነካሁት ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሱ በላይ የሚጠይቀኝ ነገር የለም። ያዘነ ሰው አቅሙ እዚያ ድረስ ነው።

የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ማተሚያ ቤቶች ትልቁን ወረቀት አጥፈው ሲቆርጡት 16 ወይም 32 ገጽ ስለሚወጣው ነው። ለእኛ ግን ልኩ ሌላ ነገር ነው፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ስልክ ላይ ያለው ካርቱን ደግሞ ራሱ ይሮጣል። መጽሐፍን የሚገልጠው ልጁ ነው። ያስፈራው ገጽ ላይ መቆም ይችላል፣ ዘሎ ማለፍ ይችላል፣ ነገ ተመልሶ ማየት ይችላል።

ይህን በጣም ቀድመው የተረዱ አሉ። የላ ሌፕማን የምትባል ጀርመናዊት ጋዜጠኛ ነበረች። አይሁዳዊት ስለነበረች ከናዚዎች አምልጣ ለንደን ገባች። ጦርነቱ አልቆ በ1945 (በአውሮፓውያን) ስትመለስ ከተሞቹ ፈራርሰው፣ ልጆቹ ተርበው አገኘቻቸው። ዳቦ የሚልኩ አገሮች ነበሩ፤ እሷ የልጆች መጽሐፍ ላኩልኝ ብላ ጻፈች። ቤልጂየም፣ ጀርመን ሁለት ጊዜ ስለወረረቻት፣ አልልክም አለች። ሌፕማን ግን ደግማ ጻፈች፤ ተላከላት። በ1946 ሙኒክ ላይ ዐውደ ርዕይ ከፈተች፤ በ1949 ደግሞ እዚያው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሆነ። እስከ ዛሬም አለ። እኔ የማደንቀው ያን ሁለተኛውን ደብዳቤ ነው።

ከተማችንስ ብትሆን? ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት፣ አገራቸው ተመልሰው ባቋቋሙት ሥራ፣ እዚሁ ሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ልጆች ዘንድ ይሄድ ነበር። ከእናንተ መሀል በልጅነቱ ከዚያ ጋሪ ላይ መጽሐፍ ያነሣ ወላጅ ካለ ወደ ቢሮዬ ብቅ ይበል። ቡና አለኝ።

ወደ ጉዳያችን። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ ዓርብ ዓርብ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ሰኞ ይመልሳል። ባለ ቀለም የልጆች መጽሐፍ መግዛት በዛሬው ኑሮ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግዙ አላልኳችሁም። ሥራ የቆመበት፣ ሰው የታመመበት፣ ሐዘን የገባበት ቤት እንዳለም ከኮሙኒኬሽን ደብተሩ እረዳለሁ። በተለይ እናንተ፣ መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ አትተዉት።

ማንበብ አልችልም የሚል ካለ አንድ ነገር ልንገረው። አንዲት አያት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ሲጠብቁ አየኋቸው። ፊደል አልቆጠሩም። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሥዕሉን እያዩ በሲዳምኛ ያወራሉ። እኔ እንደማውቀው መጽሐፉ ስለ ዝንጀሮ ነው፤ እሳቸው ጋ ግን ስለ ጎረቤታቸው ሆኗል መሰለኝ፣ ልጅቱ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

ከልጅ ጋር ስለ ሞት ስታወሩ ደግሞ አደራ፣ «ተኝቷል» አትበሉ። ማታ መተኛት የሚፈራ ልጅ ታተርፋላችሁ። «ሄዷል»ም አትበሉ፤ ሙዙን ነግሬያችኋለሁ። «ሞቷል» በሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደየእምነታችሁ ንገሩ።

መጋቢት 24 ዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቀን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላይብረሪያችን ለእናንተም ክፍት ነው። የዩኬጂ ልጆች ስለ አባባ ራሳቸው የሠሩት፣ በክር የተሰፋ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ታገኛላችሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአባባ ወንበር አለ። አጠገቡ በአንድ እግሩ የቆመ አባ ኮዳ ተሥሏል፤ ያ ከአሞራ ገደል አካባቢ የማይጠፋው ትልቁ ወፍ። የሣለውን ልጅ ጠራሁና «አባ ኮዳው ምን ይሠራል?» አልኩት።

«በሩን ማን ይጠብቅ?» አለኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት

ማስታወሻ፦ ሽሮ የነካው፣ ሕፃን የቀደደው መጽሐፍም ቢሆን ይመለስልን። ፕላስተር አለን። አትደብቁት።