ከፍራንክፈርት ለእህቴ፦ ስለ «ኔመን»

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ለጀርመንኛ ፈተናሽ ብለሽ በቴሌግራም የላክሽልኝን የግስ ሰንጠረዥ አየሁት። ያንን ሁሉ በአንዴ ልትሸመድጂ ከሆነ ተይው፤ የፈተናው ቀን አንዱም አይመጣልሽም። ይልቅ አንዱን ጠንቅቀሽ ያዢ፤ «ኔመን»ን፣ መውሰድን። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ከአፋችን አይጠፋም።

ኢሽ ኔመ (እኔ)፣ ዱ ኒምስት (አንተ፣ አንቺ)፣ ኤር ኒምት (እሱ)፣ ቪር ኔመን (እኛ)፣ ኢር ኔምት (እናንተ)፣ ዚ ኔመን (እነሱ)። የሚያምፁት «አንተ» እና «እሱ» ብቻ ናቸው፤ እሷም ከእሱ ጋር ናት። «ኢር» ላይ «ኒምት» እንዳትዪ፣ ብዙ ቁጥር አይነካም። ላለፈው «ኢሽ ሃበ ገኖመን» በዪ። ሌላውን ያለፈ ጊዜ፣ «ናም» የሚለውን፣ መጽሐፍና ጋዜጣ ላይ ታገኚዋለሽ እንጂ በወሬ መሃል ብዙም አይሉትም፣ ለኤ1፣ ለመጀመሪያው ደረጃ ፈተና፣ አያስጨንቅሽ።

በእኛ ፊደል ስጽፈው ግን ገረመኝ። ኔ፣ ኒ፣ ና፣ ኖ! ፊደል ስንቆጥር የዘመርነው የ«ነ» ቤት አይደለም እንዴ? እኛም «ነገረ፣ ንገሪ፣ ተናገረ» እያልን ነው ያደግነው። «ሄልፈን»ም፣ መርዳት ማለት ነው፣ በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ ሂልፍት፣ ሃልፍ፣ ገሆልፈን። ጀርመኖቹ «ያልተለመደ ግስ» ይሉታል፤ ለእኛ ግን ምኑ ነው ያልተለመደው?

ጣጣው ያለው ከፊቱ የሚለጠፉት ላይ ነው። «አብኔመን» መክሳት ነው፣ ስልክ ማንሳትም ነው፣ ደም መቅዳትም ነው። «ጹኔመን» መወፈር። «ኢሽ ኔመ አብ» ስትዪ «አብ» ተላቅቃ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ትወሸቃለች፤ ስለዚህ ጀርመን ሲያወራ እስኪጨርስ ጠብቂ። ላለፈ ጊዜ ሲሆን ተመልሳ ትገጠምና «ገ» መሃል ትገባለች፦ አብገኖመን። በየወሩ አረጋውያኑን እንመዝናለን። ተረኛ ስንቀያየር አንዷ «ዚ ሃት ጽቫይ ኪሎ አብገኖመን» ካለች፣ ሁለት ኪሎ ቀንሰዋል ማለቷ ነውና ወዲያው የምግቡ ወሬ ይነሳል። «ጹገኖመን» ካለች ደስታ ነው።

ለትልቅ ሰው «ዱ» አይባልም፣ «ዚ» ነው፣ እርስዎ ማለት። መድኃኒት ስሰጥ «ኔመን ዚ ቢተ» እላለሁ፣ ይውሰዱ እባክዎ። «ኔመን ዚ ፕላጽ» ደግሞ ይቀመጡ ነው። «ኒም!» ለልጅና ለጓደኛ ነው። ፈተናው ላይ ካርድ አውጥተሽ ሰው ለምኚ በሚባለው ክፍል «ዚ»ን እና «ቢተ»ን አትርሺ።

ታክሲ እኛ እንይዛለን፣ እነሱ ይወስዳሉ፦ «ኢሽ ኔመ ዴን ቡስ»፣ አውቶቡስ እይዛለሁ። አውቶቡሱ የሚወሰደው ስለሆነ «ዴን» ነው፣ «ዴር» አይደለም። በሌላ በኩል በአማርኛ የምንወስደውን ሁሉ በጀርመንኛ እንዳትወስጂ። እማዬን ሐኪም ቤት ወሰድኳት ለማለት «ብሪንገን» ነው የሚባለው፣ ላለፈው «ገብራኽት»። ፈተናም አይወሰድም፣ «ማኸን» ነው፣ ይሠራል፤ ላለፈው «ገማኽት»። ሁለት ሰዓት ወሰደ ማለት ብትፈልጊ «ዳወርን» የሚባል ሌላ ግስ አለ። የሐበሻ ጀርመንኛ የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው።

ሰፈሬ ውስጥ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ከትቶ በር ላይ ያስቀምጥና «ጹም ሚትኔመን» ብሎ ይጽፍበታል። የፈለገ ይውሰድ ማለት ነው። ባለፈው እጀታው የላላ የብረት ድስት አገኘሁ፣ አሁን ሽሮዬን የምሠራው በእሱ ነው። እማዬ እንዳትሰማ፣ ከመንገድ ዕቃ ትለቅማለች ብላ ታለቅሳለች።

በ«ኔመን» አምስት ዓረፍተ ነገር ሠርተሽ በድምፅ ላኪልኝ፤ አንዱ «አብ» ያለበት ይሁን። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ ቁጭ ብዬ አርምልሻለሁ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እህትሽ